እኔ ጋ ይሠራል

ሶፍትዌር የሚጻፍበት ቢሮ ገብቶ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አይወጣም፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» የሚናገረው ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ነው፤ የሚነገረው ፕሮግራሙ አልከፈት ላለው ሰው። ልጁ ላፕቶፑን ወደ ባለጉዳዩ ያዞራል፣ አንዴ ይጫናል፣ መስኮቱ ብድግ ይላል። «ይኸው!» ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ ባለጉዳዩን ማየት ይበቃዋል። ባለጉዳዩም ያፍራል። ለምን እንደሚያፍር ባያውቅም ያፍራል።

ልጁ አልዋሸም፤ እሱ ጋ ይሠራል። ግን እሱ ጋ ስንት ነገር አለ! ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ፋይል ለመክፈት፣ ሥዕል ለማሳየት፣ የይለፍ ቃል ለመደበቅ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን ላይብረሪዎች ይጠራል። አብዛኞቹ ፕሮግራሙ ውስጥ የሉም፤ ያለው ስማቸው ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደር የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል የስም ዝርዝሩን ይዞ የተወሰኑ ፎልደሮችን እየዞረ ይፈልጋል። ዊንዶውስ ዲኤልኤል ይላቸዋል፣ ሊኑክስ ኤስኦ፣ ማክ ዳይሊብ። ከተገኙ ይያያዛሉ፤ ካልተገኙ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል። ልጁ በየጊዜው የጫናቸው ኮምፓይለሮች፣ ጌሞችና የሙከራ ፕሮግራሞች እነዚህን ላይብረሪዎች ሁሉ አምጥተው ላፕቶፑ ላይ አራግፈውለታል። እሱ ግን ማን እንዳመጣቸው ቀርቶ መኖራቸውንም አያውቅም።

ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጽፈው የላይብረሪ አድራሻም እኛ አዲስ አበቤዎች ለእንግዳ የምንሰጠው ዓይነት ነው። «ከማደያው አለፍ ብለህ፣ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ደውልልኝ።» ማደያው ፈርሷል፤ ሙዚቃ ቤቱን የሚያስታውሰው አድራሻ ሰጪው ብቻ ነው፤ ሎደር ደግሞ ስልክ አይደውልም። አንዳንዱማ በራሱ ስም የተሰየመውን ፎልደር፣ «ዴስክቶፕ» ከነ«ኒው ፎልደር 2»ው፣ እንዳለ ፕሮግራሙ ውስጥ ጽፎ ለባንክ ያስረክባል። ባንኩ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ሠራተኛ ከሌለ ፕሮግራሙ አይነሳም ማለት ነው።

ይህ የሠሪው ወገን ነው። የተጠቃሚው ወገን ደግሞ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ይታያል። በአንዱ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፓቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ።

«ምን ሆነ እናቴ?» አለ የሱቁ ልጅ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ፕሮግራሙ አልከፈት አለኝ። የሆነ ነገር ጠፍቷል ይላል።»

ላፕቶፑ ተከፈተ፤ መልዕክቱም ብቅ አለ። «ኤምኤስቪሲፒ140 ዲኤልኤል ስላልተገኘ ፕሮግራሙ ሊቀጥል አይችልም» ይላል በእንግሊዝኛ። የጠፋውን ፋይል ስም ከነቁጥሩ የሚናገር መልዕክት ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ የጎደለውን ወረቀት በስሙ ጠርቶ አይነግርህም። ልጁ ግን «ኦኬ» የሚለውን ተጭኖ መልዕክቱን ከፊቱ ገለል አደረገው። ሁለተኛ ሲመጣበትም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ።

«ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

«ውይ በሞትኩት! የዓመቱ ሂሳብ እኮ እዚህ ላይ ነው!»

«ባክአፕ እንይዛለን፣ አያስቡ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ነው አይደል?»

ሴትየዋ ዴስክቶፕ ላይ ምን እንዳለ፣ ሌላ ቦታስ ምን እንዳለ አያውቁም፤ ቢሆንም «አዎ» አሉ። እንዲህ ያለ «አዎ» ሐኪም ቤትም ይሰማል።

ፎርማት የአገራችን ሁለገብ መድኃኒት ነው። ላፕቶፑ ዘገመ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ፣ የፕሪንተሩ ገመድ መነቀሉ እስኪታይ ድረስ፣ ፎርማት። ለሴትየዋ ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው፣ 50 ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» የተባለ ጥቅል ነበር። ስሙ ረጅም ይሁን እንጂ ሥራው ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል።

ደግሞ የሚገርመው፣ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ይህን ጥቅል ይዞ አይመጣም። ስለዚህ በሕጉ ከሆነ ፎርማት ያንኑ ችግር መልሶ ማምጣት ነበረበት። አያመጣም። ለምን ቢባል ልጁ ከፎርማት በኋላ ከፍላሹ ላይ የተለመደውን ስንቅ ይጭናል፦ ፊልም ማጫወቻ፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ፎቶ ማስተካከያ፣ ማንም ያልጠየቀው አንድ የእግር ኳስ ጌም። ከእነዚህ አንዱ ጥቅሉን ለራሱ ብሎ ይዞት ይገባል። ሴትየዋ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ልጁም «አላልኩዎትም?» አለ። እግር ኳሱን ማን ያመሰግነዋል?

ሱቅ መሄድ የማይወድ፣ «እኔ ራሴ እሠራዋለሁ» ባይ አለ። እሱ መልዕክቱን ያነባል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ችግሩ ያነበበውን ስም ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ መፈለጉ ነው። አረንጓዴ ቁልፍ የበዛበት ድረ ገጽ ይመጣለታል፤ ከአምስቱ አንዱ እውነተኛ ማውረጃ ነው፣ አራቱ ማስታወቂያ። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዲኤልኤል አውርዶ ሲስተም32 ውስጥ ይከታል። ሊፍት ውስጥ ያገኘውን ሰው ሰዓት ያዝልኝ የማይል ሰው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ሥልጣን ያለውን ፎልደር ለማያውቀው ድረ ገጽ ይከፍታል።

ሲስተም32 ራሱ አንድ ጉድ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32 ውስጥ ያሉት ባለ 64 ቢት ላይብረሪዎች ናቸው። ባለ 32 ቢቶቹ ያሉት ሲስዋው64 በሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ምክንያት አለው፦ ስንትና ስንት ፕሮግራም «ሲስተም32» የሚለውን ስም ውስጡ ጽፎት ስለነበር፣ ወደ 64 ቢት ሲዞሩ እንዳይሰበሩ ማይክሮሶፍት የፎልደሩን ስም ትቶ ይዘቱን ቀየረው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሲስተም32ን ሲጠይቅ ደግሞ ዊንዶውስ ሳይነግረው ወደ ሌላው ፎልደር ይወስደዋል። ወዳጃችን ይህን ከየት ይወቀው? ቁጥሩን አይቶ 32ቱን ከ32፣ 64ቱን ከ64 ያጋባል። ያኔ ፋይል ጠፋ የሚለው መልዕክት ይጠፋና በምትኩ በዜሮ ተጀምሮ በ7ቢ የሚያልቅ ረጅም ቁጥር ይመጣል። ትርጉሙ ባጭሩ ቢቶቹ አልተጣጣሙም ማለት ነው። ወዳጃችን ግን «ቢያንስ ለውጥ አለ» ብሎ ይቀጥላል። አንድ ቪዲዮ ላይ ያየውን «ሬግኤስቪአር32» የሚባል ትዕዛዝም ይሞክራል። ያ ትዕዛዝ ለመመዝገብ ተብለው ለተሠሩ ላይብረሪዎች ብቻ ነው፤ ይኼኛው የሚመዘገብበት በር የለውም። ይህንኑ በግልጽ ይነግረዋል። እንደገና ይሞክረዋል።

የዚህ ሰው ወንድም ደግሞ «ቦታ ለማስለቀቅ» የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ እነዚያኑ ጥቅሎች ያገኛቸዋል፦ የ2005፣ የ2008፣ የ2010፣ የ2012፣ የ2013፣ ብዙ ጊዜም እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆኖ። እስከ 2013 ያለው እያንዳንዱ ትውልድ የየራሱን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አዲሱ አሮጌውን መተካት የጀመረው ከ2015 ወዲህ ባሉት ነው። ወንድምየው ግን «ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ለምን?» ብሎ አሮጌዎቹን ጠራርጎ ያወጣቸዋል። ያስለቀቀው ቦታ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አይይዝም። በማግስቱ ሱቅ ነው፤ በማግስቱ ፎርማት ነው።

በባለሙያው መሳቅ ሳልችል ብቀር ቅር ይለኛል፤ ደግነቱ እሱም አለ። ዊንዶውስ አንዳንዴ ፋይሉ ዓይንህ ሥር ተቀምጦ «የተባለው ሞጁል አልተገኘም» ይላል። የሚናገረው ፋይሉ ስለሚፈልገው ሌላ ፋይል ነው፤ የሚጠራው ስም ግን የፊተኛውን ነው፣ አንዳንዴም ምንም ስም አይጠራም። እዚህ ላይ መልዕክቱም ጥፋተኛ መሆኑን አምናለሁ። ባለሙያው ግን ፋይሉን በጣቱ እያሳየ ከስክሪኑ ጋር ይከራከራል። «ይኸው አይደል! ዓይን የለህም?» ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉት በተለይ ይህን ያውቁታል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፓይተን 3.8 ስሪት፣ ዊንዶውስ ላይ ላይብረሪ ሲፈልግ ፓዝ የሚባለውን የፎልደሮች ዝርዝር ማየት ተወ፤ በፊት ይሠራ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይነ ስውር ሆነ። ለውጡ ለደኅንነት ሲባል የተደረገና በይፋ የተጻፈ ነበር። የተጻፈውን ያነበበ ባገኝ ግን ቡና እጋብዝ ነበር።

እስካሁን ያለውን ሲያነቡ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ፈገግ ብለዋል። በዊንዶውስ መሳቅ የሊኑክሰኛ ደመወዝ ነው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ ሌላ ክፍያ የለውም። እውነትም ሊኑክስ ላይ «ኤልዲዲ» የምትባል ትንሽ ትዕዛዝ አለች፤ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች በሙሉ ከነሚገኙበት ቦታ ትዘረዝራለች፣ የጠፋው ፊት «አልተገኘም» ብላ ትጽፋለች። ከዚህ በላይ ቅንነት የለም። ነገር ግን ብዙው ሊኑክሰኛ ከኤልዲዲ በፊት የሚሞክረው ስም መቀየር ነው። ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ስሪት 1.1ን ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ሊኑክስ ይዞ የመጣው 3ን ነው። ወዳጃችን ለ3ቱ «1.1» የሚል ማስፈንጠሪያ ስም ይሰጠዋል። ሎደሩ በስሙ ተታልሎ ይከፍተዋል፤ ከውስጥ የተጻፈውን የስሪት ምልክት ሲያይ ግን ይመልሰዋል። እዚያም ላይ ወዳጃችን የሚናደደው በሎደሩ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሰርቨሩ «እንዳትነኩ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ሴንትኦኤስ 7 የሚባል አሮጌ ሊኑክስ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04። ጂሊብሲ የሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት ላይብረሪ፣ ላፕቶፑ ላይ 2.35 ነው፣ ሰርቨሩ ላይ 2.17። ጂሊብሲ አሮጌን ፕሮግራም በአዲስ ላይብረሪ ላይ ያስነሳል፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ አያስነሳም። መፍትሔው ፕሮግራሙን አሮጌው ሲስተም ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነው። የፓይተን ሰዎች ማኒሊኑክስ2014 በሚባለው ስምምነታቸው ለዓለም ሁሉ የሚያሰራጩትን ጥቅል በዚሁ በሴንትኦኤስ 7 ልክ ሲሰፉ የኖሩት ለዚህ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «ሰርቨሩ ይቀየር» አለ፤ በጀት የለም ተባለ። አንዱ «ጂሊብሲውን ከላፕቶፑ ላይ ገልብጠን ብንተካውስ?» አለ። ሐሳቡ ወጪ ስለሌለው ወዲያው ጸደቀ። ልጁም አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ገለበጠው። ከዚያ የፎልደሩን ዝርዝር ለማየት ትዕዛዝ ሰጠ፤ እምቢ አለ። አሮጌውን ለመመለስ መገልበጫውን ጠራ፤ መገልበጫውም በዚያው ላይብረሪ ላይ የተንጠለጠለ ነውና እምቢ አለ። መሰረዣውም፣ ማንቀሳቀሻውም እንዲሁ። በሩቅ የሚገባበት በርም አዲስ ሰው ማስገባት አቆመ።

«ምንድነው ነገሩ?» አሉ የአይቲ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ ይመስለኛል» አለ ልጁ።

ሌላው የሊኑክሰኛ ልማድ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚባለው ተለዋዋጭ ነው። ለአንድ ፕሮግራም፣ ለአንድ ቀን ተብሎ ሎደሩ ቀድሞ የሚያየው ፎልደር ይጻፍበታል። ከዚያ ማን ያጠፋዋል? መግቢያ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ጸሐፊው ሥራ ይለቅቃል፣ ካናዳ ይሄዳል፣ ይወልዳል፤ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ከዚያ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ፕሮግራም የተሳሳተ ላይብረሪ እያነሳ ይወድቃል። ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው ቶሮንቶ ውስጥ በረዶ እየጠረገ ነው።

ደግሞ ሊኑክሰኛው በዲኤልኤል አውራጁ ሲስቅ እ.ኤ.አ. የማርች 2024ን ጉድ ባይረሳ ጥሩ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ አዎ የማይክሮሶፍት፣ ወደ ሊኑክስ ማሽኑ ኤስኤስኤች በተባለው የሩቅ መግቢያ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቷ ከነከነው። ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የማመቂያ ላይብረሪ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶቹ ውስጥ፣ የኋላ በር ተሠርቶ አገኘ። ኤስኤስኤች ራሱ ይህን ላይብረሪ አይፈልገውም፤ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ከሲስተምዲ ላይብረሪ ጋር ስላያያዙት፣ እሱ ደግሞ ኤክስዜድን ጎትቶ ስለሚመጣ ነው የተገናኙት። የእንግዳው እንግዳ ሆኖ ገብቶ ነው ቤቱን ሊያስረክብ የነበረው። እኛ ሰርቨሩ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ብለን ምሳ ነው የምንወጣው።

የማክ ሰዎች እዚህ አገር ብዙ አይደሉም፤ ስለዚህ ጥቂት እላለሁ። ማክ ላይ እያንዳንዱ ዳይሊብ የት መገኘት እንዳለበት ውስጡ የተጻፈ አድራሻ አለው፤ ስለዚህ ፋይሉን ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ በራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የሎደሩን መንገድ በተለዋዋጭ ላዙር ለሚል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለው ጥበቃ ተለዋዋጩን በሲስተሙ ፕሮግራሞች ደጃፍ ላይ ጸጥ አድርጎ ይጥልበታል። ስህተት እንኳ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ቢግ ሰር ደግሞ የሲስተሙ ላይብረሪዎች ከፎልደራቸው ጠፉ፤ ሁሉም አንድ ትልቅ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ገቡ። ፎልደሩን ስትከፍት የሉም፤ ፕሮግራሙ ሲጠራቸው አሉ። «ፋይሉ አለ ወይ?» ብለው መጀመሪያ የሚጠይቁ ጠንቃቃ ፕሮግራሞች ወደቁ፤ ሳይጠይቁ ዘው የሚሉት ሠሩ። ፓይተን ውስጥ ላይብረሪ ፈላጊው ሳይቀር ተሰናክሎ መጠገን አስፈልጎታል። ጥንቃቄ የሚቀጣበት ቦታ ቢሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ወጣቶቹ ዶከር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብቅ ያለው ይህ መሣሪያ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ፣ ከነፎልደሮቹ፣ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሲቀር ሌላውን እንዳለ ጠቅልሎ መላክ። እሱ ጋ የሚሠራው ሁሉ አብሮ ይጓዛል። መልካም ነገር ነው፤ ስቄበትም አላውቅም። የሚያስቀው ጥቂት ሜጋባይት የሆነች የደመወዝ ማስያ ከ1 ጊጋባይት በላይ በሆነ ጥቅል ታስራ ስትመጣ ማየት ነው። ደንበኛው በሞባይል ዳታ አወርዳለሁ ብለው ፓኬጃቸውን ጨረሱ።

ቅሬታው ሲበዛ ማስያዋን የጻፈው ልጅ ጥቅሉን ላሳንስ አለ። አልፓይን የተባለውን፣ ባዶው ከ10 ሜጋባይት የማይበልጥ ሊኑክስ መሠረት አደረገ። ጥቅሉ ሟሸሸ፤ ደስታ ሆነ። ሲያስነሳው «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» አለው። ዝርዝሩን ከፈተ፤ ፋይሉ አለ። ስሙን ዳግም በጥንቃቄ ጻፈ፤ የለም። ለማንም ሰው ሁሉን ፈቀደለት፤ የለም። ወደ ሌላ ፎልደር አዛወረው፤ እዚያም የለም። አልፓይን ጂሊብሲን ትቶ መስል የሚባል ሌላ ላይብረሪ ነው የሚጠቀመው። የጠፋው ፕሮግራሙ ራሱ ሳይሆን ፕሮግራሙ ውስጥ በአድራሻው የተጻፈው የጂሊብሲ ሎደር ነው፤ ከርነሉ ግን ይህን ለይቶ አይናገርም። ለአልፓይን ተብሎ እንደገና ኮምፓይል ቢደረግ ባለቀ ነበር። ልጁ ወደ ትልቁ ጥቅል ተመለሰ፤ ለደንበኛውም ማታ ማታ፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተው እንዲያወርዱት በደብዳቤ አሳወቀ። ደብዳቤው ማኅተም አለው።